የአረፋው በግ ጠባሳ

ነገሌ ቦረና
ጥር 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለማከብርዎ እናቴ፣ ለባለቤቴ ወላጅ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ እንደ ነገሌ አቧራ በበሩም በመስኮቱም ገብቶ እርስዎ ካሉበት ይድረስልኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? የክብረ መንግሥት ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? ባለፈው የላክሁልዎ ቅቤ ደረሰ ወይስ መንገድ ላይ ቀልጦ ቀረ? ትንሹ የልጅ ልጅዎ፣ የሀፊዛ ልጅስ? አምስት ወር ሞላው አይደል? አሁንም ከእርስዎ በቀር ማንም አያጥበውም? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ልጅዎ ተውፊቅ ይበላል፣ ይሰግዳል፣ ከከብት ሻጮች ጋር እንደ ወትሮው ይጨቃጨቃል። ደህና ነው ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ሰኞ ሐዋሳ ላይ ኦፕራሲዮን ይሆናል፤ ሐኪሙም ከመክፈቱ በፊት ከእርስዎ አንድ ነገር ማወቅ ይፈልጋል።

ሀፊዛ፣ ለእማዬ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና ገና ከመጀመሪያው ልለምንሽ። ሾፌሩ ሶራ ይህን ወረቀት በራስሽ እጅ እንዲያስረክብ፣ ሱቅ ለተቀመጠ ለማንም እንዳይሰጥ በአላህ ስም አስምዬዋለሁ። አንቺም በሩን ዘግተሽ፣ ከእማዬ ጋር ብቻችሁን ሆናችሁ፣ አንድ ቃል ሳትዘዪ አንብቢላቸው። መሃል ላይ «ይህን እለፊው» ይሉሻል። «ልጁ አለቀሰ፣ ወጡ አረረ» ይሉሻል። ልጁን ታቅፈሽ አንብቢ፤ ወጡንም አስቀድመሽ አውርጂው። የወንድምሽን ገላ የሚመለከት ነገር ስላለበት ታፍሪ ይሆናል። እኔም ስጽፈው አፍሬያለሁ። እሱ ለእኅቱ በአፉ ሊናገረው ስለማይችል ነው «አንቺ ጻፊላቸው» ያለኝ።

እማዬ፣ ለምን አልደወልሽም እንደማይሉኝ አውቃለሁ። ደውያለሁ። «አካም፣ ናጋ?» ተባብለን ስለ ዝናቡና ስለ ከብት ዋጋ ስናወራ መስመሩ ጥርት ያለ ነው፤ የዶሮዎ ድምፅ ሳይቀር ይሰማኛል። «ሐኪም» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ግን ኔትወርኩ ይጠፋል። አንድ ጊዜ ቢሆን አምን ነበር። እኔ እኮ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ጥቅል ሲመጣልኝ ዳር ዳሩን አላይም፤ ዘርግቼ መሃሉን ነው የማየው፣ ብል የሚደበቀው እዚያ ነውና። ይህ ጠባዬ እንደማያስደስትዎ አውቃለሁ። ሰርጌ ሰሞን «ይቺ ልጅ ሰላምታም ሲሰጧት ገልብጣ ታየዋለች» ብለው ለጎረቤት መናገርዎ ደርሶኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጫማ ነው። ተውፊቅ ዱብሉቅ የከብት ገበያ ውሎ ሲመጣ ጫማውን ደጅ አስወልቀዋለሁ፤ እበቱና ቀዩ አፈር ምንጣፌን ስለሚያበላሽብኝ። በጥቅምት «ዱብሉቅ ኮርማ ስገዛ ዋልኩ» ብሎኝ ሲገባ ጫማው ያበራል። አሸተትኩት፣ ምንም የለም። በሌላ ቀንም እንደዚያው ወጥቶ እንደዚያው ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። ሽንት ቤትም ሲገባ ይቆያል፤ ሲወጣ ፊቱ ይገረጣል። ሌላ ሴት አለች አልኩ። እውነቱን ልንገርዎ፣ መጀመሪያ የጠረጠርኩት እርስዎን ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ልጅ አልወለድኩም። «ሁለተኛ ቢያገባ ሐራም አይደለ» ማለትዎን ደግሞ ሰምቻለሁ። እንግዲህ አግኝተውለታል፣ ሊያስተዋውቁት እየወሰዱት ነው አልኩ በልቤ።

አንድ ማለዳ እሱ ሲታጠብ ስልኩ ጮኸ። ሲፋን ይላል። አነሣሁና ዝም አልኩ። ለስለስ ያለ የሴት ድምፅ፣ ዛሬ ስትመጣ ውሃ በደንብ ጠጥተህ፣ ሽንትህን ይዘህ ና፤ ባለፈው ባዶህን መጥተህ ምንም ሳይታየኝ ቀረ አለችና ዘጋችው። እማዬ፣ በሕይወቴ ያልጠረጠርኩት የለም፤ ባል ውሃ አስጠጥታ የምትቀጥር ውሽማ ግን ሰምቼ አላውቅም። መተት ነው አልኩ። ወዲያው ተውፊቅ ከመታጠቢያው ወጣና አንድ ማሰሮ ውሃ እያየሁት ጨረሰ። ምነው ስለው ጠማኝ አለኝ።

ሻርፔን ተከናንቤ ተከተልኩት። ገበያውን አልፎ አንድ የግል ክሊኒክ ገባ። እኔም ጥቂት ቆይቼ ገባሁ። መተላለፊያው ላይ ሆዳቸው የገፋ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ያኔ ምን እንዳሰብኩ መቼም ይገምታሉ። አንዷን ሊያስመረምር ነው የመጣው ብዬ የእያንዳንዷን ፊት ዞሬ አየሁ። አንዲት ጉጂ ሴትዮ የጠፋ ሰው ትፈልጊያለሽ ወይ አለችኝ። አዎ አልኳትና ተውፊቅ የገባበትን በር ገፋ አድርጌ ገባሁ።

ሲፋን ማለት እዚያ ክሊኒክ በአልትራሳውንድ የምታየዋ ባለሙያ ናት፤ ነጭ ጋዋን የለበሰች ቀጭን ልጅ። ጮህኩባት። አልተቆጣችም፤ የታካሚ ሚስጥር ስለሆነ እሱ ሳይፈቅድ ምንም እንደማትነግረኝ ብቻ አስረዳችኝ። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ከመጋረጃው ኋላ የተውፊቅ ድምፅ፣ ተያት ትግባ አለ። ገባሁ። አልጋው ላይ ተጋድሟል፣ ሆዱ ላይ የሚያንሸራትት ቅባት ተቀብቷል፣ ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሏል። ስምንት ዓመት ሚስቱ ሆኜ ሲያፍር ያየሁት ያን ቀን ነው። ለካ ከክረምት ጀምሮ ከሆዱ በታች ያመው ነበር፤ ሽንቱም ደም ይቀላቅልበት ነበር። ለእኔ ላለመናገር ነው ጫማውን እያስጠረገ ዱብሉቅ ዋልኩ ይለኝ የነበረው።

አሁን ይቅር ይበሉኝና በስሙ ልጥራው። ተውፊቅ በከረጢቱ ውስጥ ያለው አንድ የዘር ፍሬ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግራው ባዶ ነው። በሰርጋችን ሌሊት ራሱ ነግሮኛል። ልጅ ሳለ የአረፋ በግ በቀንዱ ወግቶት አንዱ እንደ ጠፋ እርስዎ ነግረውት ነው ያደገው። ከጭኑ በላይ ያለውን ጠባሳም አሳይቶኛል። አዘንኩለት እንጂ ምንም አልጠረጠርኩም። እኔ፣ ጨርቅ ገልብጬ የማየው ሴትዮ!

ሲፋን መሣሪያውን ከታች አንሥታ ወደ ሆዱ ወሰደችው። በሽንት የሞላው ፊኛ በማሽኑ መስኮት ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከኋላው ትንሽ አቮካዶ የመሰለ ነገር አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ሌላ ድቡልቡል። እጇ ቆመ። ተመለሰች፣ አየች፣ እንደገና ተመለሰች። ያቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ የምታየው የሴቶች ማህፀን ነው፤ ስለዚህ ምን እያየች እንደሆነ ታውቃለች። ግን በወንድ ሆድ ውስጥ ስላየችው ዓይኗን አላመነችም። ደጋግማ የጠራችውም ለዚህ ነው። እኔ እርግጠኛ መሆን አልችልም፣ ሐዋሳ ሄዳችሁ በትልቁ ማሽን ይታይ ብላ ጻፈችልን። ወረቀቱ ላይ «አጠራጣሪ» የሚል ቃል አለ። እንዲህ ያለ ሙያ መኖሩን ባውቅ ጨርቅ ባልነገድኩ።

ከዚያ ደጅ ወጥቼ ግንቡ ሥር ተቀመጥኩና ሳቅኩ። እማዬ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ «ማህፀንሽ ተዘግቷል» እየተባልኩ እርስዎ የላኩልኝን ሥር ስቀቅልና ስጠጣ ኖሬ፣ ማህፀን ባሌ ሆድ ውስጥ ተገኘ። ሳቁ መቼ ወደ ልቅሶ እንደ ዞረብኝ አላውቅም። ተውፊቅ ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ከፈለግሽ ልፍታሽ አለኝ። እጁን ብቻ ያዝኩት።

ልጅዎ ምን ሠርቶ እንደሚበላ ያውቃሉ። ለማደለቢያዎቹ ኮርማ ይገዛል። እነሱ ያልተኮላሸ፣ ሁለቱም ፍሬ በቦታው ያለ ኮርማ ስለሚፈልጉ ተውፊቅ ከኋላ ሄዶ በእጁ ሳይዳብስ አይገዛም። አንዱ የጎደለ ከሆነ ሻጩን «ሌላውን የት ደበቅኸው?» ብሎ ገበያውን ያስቀዋል። አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ይህን ቀልዱን ሰምቼ ነበር። ሁሉም ሲስቅ እሱ ጎንበስ ብሎ እጁን በአቧራ ያሽ ነበር። ዛሬ ሳስበው አንጀቴን ይበላዋል።

ሐዋሳ የሄድነው በታኅሣሥ ነው። መኪናው በከተማችሁ ሲያልፍ ተውፊቅ እንዳያዩን ፈርቶ ጎንበስ በይ አለኝ፤ ሁለታችንም እንደ ሌባ አንገታችንን ደፍተን አለፍን። እዚያም ኤምአርአይ የሚሉት ማሽን ውስጥ ከተቱት። ሲወጣ ድምፁ እንደ ወፍጮ ነው አለ። ሐኪሙ ምስሉን ከፍተው ረጋ ብለው አስረዱን። ማንኛውም ሕፃን በእናቱ ሆድ መጀመሪያ ሁለቱንም መንገድ ይዞ ነው የሚነሣው አሉን፤ የወንዱንም የሴቱንም። ወንድ ሲሆን የሴቱ መንገድ እንዲጠፋ ከራሱ ፍሬ ትእዛዝ ይወጣል። በተውፊቅ ትእዛዙ አልሠራም። ሳይጠፋ የቀረ ሥጋ ነው እንጂ ተውፊቅ ወንድ ነው፤ በደሙም በአካሉም ሙሉ ወንድ ነው አሉ። ይህን ደግመው እንዲሉልን ጠየቅኋቸው። ደግመው አሉ። ሀፊዛ፣ አንቺም ደግመሽ አንብቢላቸው።

ልጅ ስለ መውለድ ጠየቅናቸው። ይሆናልም አይሆንምም ለማለት እንደማይደፍሩ ነገሩን። አሁን የሚያሳስባቸው ግን ከዚያ ሥጋ ጎን ያለው ድቡልቡል ነው። አብጧል። እዚህ ላይ ነው የእርስዎ ነገር የሚመጣው። ሐኪሙ ጠባሳውን በጣታቸው እየተከተሉ ማን እንደ ሠራለት ጠየቁት። ተውፊቅ የበጉን ታሪክ ነገራቸው። ቀንድ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይቀድም አሉት፤ ግራና ቀኙ ላይ የክር ነጥብ አለ፣ ይህ በቢላዋ ተከፍቶ የተሰፋ ነው። ምናልባት ሕፃን ሳለህ ቡአ ነበረብህ፣ እሱን ሊሠራ የከፈተ ሰው አለ። ያ ሰው ግራውን ፍሬ አውጥቶት ከነበር ያበጠው ነገር ሌላ ነው ማለት ነው። አይቶ ትቶት ከሆነ ግን ያበጠው ራሱ ፍሬው ነው፤ ሆድ ውስጥ ለዓመታት የቆየ ፍሬ ደግሞ ወደ ክፉ በሽታ ሊለወጥ ይችላል። ምን እንደሚያገኙ አውቀው ቢገቡ ለእሱ እንደሚሻል ነገሩን። እናትህ ታውቅ ይሆናል፣ ጠይቃት አሉት።

ተውፊቅ ሲመለስ መኪና ውስጥ፣ ለማንም ነግሮት የማያውቀውን አንድ ሕልም ነገረኝ። የወታደር ጫማ ያለ ማሰሪያ ያደረገ ሰው በሻይ ማንቆርቆሪያ መቀስ ይቀቅላል። እርስዎ ግንባሩን ይዘው «በግ ነው የወጋህ፣ በግ ነው» እያሉ ያለቅሳሉ። ሕልም አይመስለኝም አልኩት። የእርስዎን ወሬ አስታወስኩ። በሰርጌ ዓመት ስለ ችግራችሁ ዘመን ሲያጫውቱኝ፣ አባቱ ባረፉበት ዓመት፣ ደርግ በወደቀ ማግሥት፣ በአረፋ በግ ማረድ አቅቷችሁ የሟቹ ወንድም አብዱልሃሚድ ሥጋ እንደ ላኩላችሁ ነግረውኝ ነበር። ተውፊቅ «ተወጋሁ» የሚለው በዚያው አረፋ ነው። ታዲያ በግ ያልነበረበት ቤት ቀንዱ ከየት መጣ? ጦሩ ሲበተን በከተማችሁ በኩል ወደ ኬንያ ያለፈ ወታደር ብዙ ነው፤ ከመካከላቸው ሐኪምም አይጠፋም። የሚያልፍ ሰው ሚስጥር ይዞ ያልፋል ብለው ይሆናል።

ባለፈው ሰኞ የደወልኩልዎ ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ከመዝጋትዎ በፊት በፍጥነት ተናገርኩ፤ ሐኪሙ ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር አይተዋል አልኩዎ። እርስዎም «ይህን ሁሉ ዓመት ተኝቶ የኖረን ነገር ለምን ትቀሰቅሱታላችሁ?» አሉኝ። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ። እማዬ፣ በጉ ወግቶ ያጠፋው ነገር እንዴት ተኝቶ ይኖራል? ሁሉንም ያውቁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማቆም አልቻልኩም፤ የኖርኩትን ሁሉ ገልብጬ አየሁት። የእናንተ ቤት ዘመድ ከዘመድ ይጋባል። እርስዎና ሟቹ የአጎት ልጆች ናችሁ። ሀፊዛንም ለአብዱልሃሚድ ልጅ ሰጥታችኋል። አብዱልሃሚድ የራሳቸውን ሴት ልጅ ለተውፊቅ ሲያቀርቡ ግን እርስዎ እምቢ አሉ፤ ይህን አገር ያውቀዋል። የአጎት ልጅ እንደ እኅት ከሚታይበት ከኦሮሞ ቤት፣ አባትና እናት የሌላትን፣ አክስት ያሳደገቻትን ልጅ ነገሌ ድረስ መጥተው ጠየቁ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። «ባዳ ሆኜ ሳለሁ ወደዱኝ» ብዬ አክስቴ ላይ ተንጠልጥዬ አልቅሻለሁ። አሁን ሲገባኝ የመረጡኝ ልጅ ባልወልድ መጥቶ ለምን ብሎ የሚጠይቅልኝ ሰው ስለሌለኝ ነው። ይህን ማወቅ ጎድቶኛል እማዬ። ከሥሩ መራራነት ይልቅ ይህ መሮኛል።

ለምን እንዳደረጉትም አስቤያለሁ፤ መጠርጠር ክፉውን ብቻ አይደለም የሚያሳየው። ባል የሞተብዎ፣ አንድ ወንድ ልጅ ያለዎ፣ ሀፊዛን ያረገዙ ሴት ነበሩ። ወንድ ልጅ ባይኖር ከውርሱ የሚካፈለው የሟች ወንድም ነው። አንድ ወታደር ሐኪም «ልጅሽ ሆድ ውስጥ የሴት ማህፀን አየሁ» ሲልዎ፣ ይህ ቃል አብዱልሃሚድ ጆሮ ቢገባ «እንግዲያው ወንድ አይደለም» ተብሎ ሱቁም ቤቱም እንደሚበተን ታይቶዎታል። ለማን ይነግራሉ? ቃዲ ዘንድ ቀርቦ ልጁ ተገልጦ ይታይ ቢባልስ? እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ምናልባት እኔም በግ እፈጥር ነበር። ግን እማዬ፣ ሱቁ ተርፏል፣ ልጁም ፂም አውጥቷል። ያ በግ ታርዶ ያበቃ ይሁን።

የምለምንዎ አንድ ቃል ብቻ ነው። ያ ሰው አውጥቶታል ወይስ ትቶታል? እሑድ ወደ ሐዋሳ ስንሄድ መኪናው ለምሳ ከተማችሁ ይቆማል። እንደ ባለፈው አንጎነበስም። መጥተው በመስኮቱ በኩል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይበሉና ይንገሩኝ። ለተውፊቅ ግን ምንም ማለት አይጠበቅብዎም፤ ግንባሩን ብቻ ይሳሙት። እሱ አልተቆጣዎትም። እናቴ ብቻዋን ተሸክማው ኖረች ነው ያለው። የተቆጣሁት እኔ ነኝ፤ የእኔም ያልፋል፣ ዛሬ ግን ገና አላለፈም።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ጉልበትዎን ያበርታልን፣ ሲሰጉ ያደሩበትን ሌሊት ሁሉ በሰላም እንቅልፍ ይተካልዎ። ልጅዎን ከሰኞ አውጥቶ ለእርስዎም ለእኔም ይመልስልን። ዱዓዎ አይለየን።

አክባሪዎ ምራትዎ

ሀፊዛ፣ ከዚህ በታች ያለውን ድምፅሽን አጥፍተሽ ለራስሽ አንብቢው። እማዬ ምን ይላል ቢሉሽ ሰላምታ ነው በያቸው።

ሐኪሙ ተውፊቅን እናትና አባትህ ይዛመዳሉ ወይ ብለው ጠይቀውት ነበር። አዎ ሲላቸው፣ እንዲህ ያለው ነገር ዘመድ ከዘመድ በተጋባበት ቤት ሊደገም ይችላል፤ በቤታችሁ ሕፃን ወንድ ልጅ ካለ ቶሎ ይታይ አሉ። በጨቅላነቱ ከተገኘ ቀላል ነው፤ ሆድ ውስጥ የቀረው ፍሬ ወደ ቦታው ይወርዳል፣ እንደ ወንድምሽ ሠላሳ ዓመት ተደብቆ አያብጥም። ያን ጊዜ እኔና ተውፊቅ ተያየን።

ለስም ማውጫው፣ ለአቂቃው ስመጣ ትንሹ እኔ ላይ ሸንቶ ልቀይርለት መጠቅለያውን ስፈታ እማዬ ከእጄ እንዴት እንደ ነጠቁኝ ታስታውሻለሽ? አንቺ ስቀሽ፣ እናቴ እኮ ለእኔም አትሰጠኝም፣ በሩን ዘግታ ራሷ ታጥበዋለች፣ ቅቤ ትቀባዋለች፣ እኔን አሳርፋኛለች አልሽኝ። እኔም ቀንቼብሽ ነበር፤ እናት የሌላት ሰው በእንዲህ ያለ ነገር ይቀናል። እኔ ያን ቀን ምንም አላየሁም ሀፊዛ። ምንም ነገርም አልነግርሽም። አላህ ሐሳቤን ሁሉ ስሕተት ያድርገው።

ለባልሽም ለአማትሽም እስክትረጋጊ አትንገሪ። ሲያውቁም አትፍሪያቸው፤ የእነሱም ደም ነው። እሑድ መኪናው ሲቆም ልጁን ሳትይዢ ከመጣሽ እስቃለሁ፣ አንቺም ትስቂብኛለሽ፣ ተጠራጣሪዋ ሴትዮ ተብዬ ወደ ሐዋሳ እሄዳለሁ። ልጁን ታቅፈሽ ከመጣሽ ግን አንድ ቃል አልጠይቅሽም። ከጎኔ ያለውን ወንበር በስምሽ ይዤልሻለሁ።

ነገ ጠዋት ትንሹን አንቺ እጠቢው።

የወንድምሽ ሚስት